ሁለት ብልቃጥ ጉልበት

ልጄ፣ ከስፖርት ቦርሳህ ውስጥ ያገኘሁትን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ዘይቱ ዛሬም ያው ነው፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ሲያዘነብሉት የሚዘገይ። አልቆጣህም። መጀመሪያ አድምጠኝ።

በደርግ ጊዜ ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ በአንድ ቡና መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሸከም፣ ከጅማ አቅራቢያ ከየቡ የመጣ ጓደኛ ነበረኝ። ሆዱን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ከሆስፒታል ሲወጣ የገዛ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አንድ የውጭ አገር ሐኪም እንዲህ ያለ ዘይታማ መርፌ ስምንት ብልቃጥ አዘዘለት፤ በሳምንት አንድ፣ ከእንቁላልና ከወተት ጋር።

ዘይት እንዴት ሥጋ ይሆናል? ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል ፈታሁት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለከሱ፣ ደም ላነሳቸው፣ አጥንታቸው ለሳሳ ይረዳል ይላል። ስለ ጉበት የሚያስጠነቅቀውን ክፍል ግን ዘለልኩት። የምፈልገውን ብቻ ነበር የማነበው።

ጓደኛዬ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ እየመጣ የቡና ሚዛኑ ላይ ይቆም ነበር። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ይከበዋል።

«ከነገለባህ ነው እንዴ የምትመዘነው?» ይለዋል አንዱ።

«ገለባውስ ያንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው!»

በስድስተኛው ዓርብ ከሕመሙ በፊት የነበረው ኪሎ ላይ ደረሰ። አጨበጨብንለት። ሁለት ብልቃጥ ቀርቶት ነበር፤ የቀበሌው የስፖርት ቀንም ደርሷል። በሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎች የተሰኩበትን ብረት አንስቼ ማሸነፍ እፈልግ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

«ፉደዱ!» አለኝ በኦሮምኛ። «ውሰድ እንጂ! እኔን ሚዛኑ ደህና ነህ ብሎኛል። ስታመም የኔን ጆንያ የተሸከምከው አንተ አይደለህም?»

ወሰድኩ። መርፌ የሚወጋው የክሊኒኩ ድሬሰር «ላንተ ነው የታዘዘው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት።

አሸነፍኩ፤ ቱታ ተሸለምኩ። ዘይቱ ይሁን፣ ያን ሰሞን የበላሁት እንቁላል ይሁን፣ እልኼ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የቡና ወቅት ሲገባ የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ጓደኛዬን ፈተነው። ጆንያውን ተሸክሞ በሳንቃው ላይ ወደ ክምሩ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው፤ ወደቀ። እርጥብ ቡና በያዘው ውሃ ሚዛን እንደሚደፋ እኛ የቡና ሰዎች እናውቃለን፤ ሰው ላይ ግን ረሳነው።

«በቃ ወንድሜ፣ አገርህ ግባ» አለው ካቦው።

በኋላ ድሬሰሩን ጠየቅሁት። ሁለት መርፌ ነገሩን አይለውጠውም ነበር አለኝ። ይሆናል። የኔ ግን አልነበሩም። ልጄ፣ መድኃኒቱን አልረግመውም፤ የወደቀን ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ለቆመ ሰው ግን አልተሠራም።

ወደ የቡ ሊሳፈር ሲል ቱታውን ለብሼ ሸኘሁት፤ ሌላ ንጹሕ ልብስ አልነበረኝም። በቀጫጭን ጣቶቹ ክንዴን ይዞ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው።

«ማሻአላህ!» አለ ከልቡ ደስ ብሎት። «ላንተስ ሠርቷል።»