ለጤነኛ ዝኩኒ የተረጨ መድኃኒት

አክስቴ ለቡ ውስጥ፣ ካላለቀ ፎቅ አጠገብ፣ የግቢው ባለቤት በፈቀደላት ቁራሽ መሬት ላይ ዝኩኒ ትተክላለች። አምና ቅጠሉን ሁሉ ነጭ ሻጋታ ጨረሰው። ባለቤቱ ያኔ፣ "ከርሞም እንዲህ ከሆነ ቦታውን ለአሸዋ ማራገፊያ አደርገዋለሁ" አላት።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። መሬቱን ስታጣ ማየት አልፈለግሁም። በስልኬ ሳነብ ዋቅላሚ ከሚባል የባሕር ሣር የሚጨመቅ ፈሳሽ እንዳለ ተማርኩ። ሻጋታውን አይገድልም፤ ተክሉ የተጠቃ መስሎት የራሱን መከላከያ እንዲያዘጋጅ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ የሚረጨው በሽታው ከመታየቱ በፊት ነው። መካኒሳ ካለ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ አንድ ጠርሙስ አመጣሁ። በሽሮፕ ክዳን እየለካሁ፣ የቅጠሉን ጀርባ ሳልዘል፣ በየሳምንቱ ረጨሁ።

አክስቴ አልተዋጠላትም።

"ያልታመመ ሰው ኪኒን ሲውጥ አይተህ ታውቃለህ?"

"እቴቴ፣ ከታመመ በኋላ እኮ ብዙም አይሠራም።"

"እንግዲያው ዳር ያሉትን ሁለቱን አትንካብኝ። ዘር የምይዝባቸው ናቸው፤ ከሁሉም ያማሩት እነሱ ናቸው።"

አልተከራከርኩም። ሁለቱን እየዘለልኩ ረጨሁ።

ባለቤቱ ሊያይ በቀጠረበት ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ መደቡ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ አንዱን ቅጠል በእርጥብ አውራ ጣት ጠረግሁት። ነጩ ለቀቀ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ቀና ስል ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ የሚፍቁ ሠራተኞች አየሁ። የጄሶ ብናኝ ነው።

ለማጠብ ባልዲ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ባለቤቱ ገባ። ከበሩ ውጭ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

"ይኸው! ዘንድሮም ያው ነው" አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ሣር ትረጫለህ አሉ!"

"ጋሼ፣ ጄሶ ነው።" ባልዲውን አስጠጋሁለት። "በእርጥብ ጣት ይሞክሩት።"

ጣቱን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ጠረገ። አረንጓዴ። ሌላውን ጠረገ። አረንጓዴ። እየጠረገ ወደ ዳር ሄደ። ለዘር የተተዉት ሁለቱ ትዝ ሲሉኝ ደርሶባቸው ነበር። የአንዱን ቅጠል ሲጠርግ ነጩ ተለጠጠ እንጂ በደንብ አልለቀቀም፤ ከሥሩ ቅጠሉ ቢጫ ነበር።

"ይኼስ ጄሶ ነው?"

አክስቴ ቀደመችኝ።

"እሱ ሻጋታው ነው። ልጁ አላጠፋም፤ እነዚህን መድኃኒት አታስነካ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ዝም ብል ይበቃ ነበር። ግን፣ "ከረጨኋቸውም ሁለት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ትንሽ ነጠብጣብ አለ" ብዬ ገልጬ አሳየሁት። አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ባለቤቱ ነጠብጣቡን አየ፤ ዳር ያሉትን አየ፤ ከዚያ መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሞተሩ ያጓራል። በመጨረሻ ወደ በሩ ዞሮ ለሾፌሩ ጮኸ፦

"ውጭ አራግፈው! አጥሩ ሥር!"

አክስቴ ዳር ያሉትን ሁለቱን ከነሥራቸው ነቅላ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተችና አፉን አሰረችው።

"በል" አለችኝ እጇን እያራገፈች፣ "ከረጨሃቸው ውስጥ ዘር የምይዝበት ምረጥልኝ።"

ባልዲውን ይዤ ከመጀመሪያው ተክል ጀመርኩ። እያንዳንዱን ቅጠል እያጠብኩ፣ ጀርባውን እየገለበጥኩ አየሁ። እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።