ሽቦ የያዛት ግልገል ዝሆን

ወሩ ግንቦት ነበር፤ የቆላው ዝናብ ዘግይቶ መሬቱ ዱቄት ሆኗል። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመቱ ነው። እኔ እዚህ ጊሼ ነብር በማደን ስሜ ስለወጣ፣ ሩቅ ቆላ ባለ የዱር እንስሳት መጠለያ ጥበቃ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ያን ቀን ሦስት ነን፦ እኔ፣ ልጅ እግሯ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሰናይት፣ የአገሩ ተወላጅ ዱካ ፈላጊው አብዲ። የበግ ጠጉር በርኖሴን ትከሻዬ ላይ ጣል ስላደረግኩ «በዚህ ሙቀት በግ ተሸክመህ?» እያለ አብዲ ይስቅብኛል።

የያኔው አደን ለማዳን ነበር፣ ልጆች። የአንዲት ግልገል ዝሆንን እናት ጥርስ ፈላጊዎች ገድለዋታል፤ የግልገሏን እግር ደግሞ የሽቦ ወጥመድ በልቶታል። ዱካዋ አያሳስትም፤ ሦስቱ ኮቴ ክብ ሆኖ ይታተማል፣ አራተኛው መሬቱን እየጫረ ይጎተታል። ፋንድያዋን ስነካው ትኩስ ነው። አፈር በትኜ ነፋሱን አየሁ፤ ወደኛ ይነፍሳል።

ግራር ሥር አገኘናት። ዶክተር የማደንዘዣውን መርፌ ከሩቅ ተኩሳ አስተኛቻት። ተንበርክካ ሽቦውን ስትቆርጥ ነፋሱ ዞሮ ሽታችንን ወሰደው። ወዲያው ቁጥቋጦውን ሰንጥቃ ከመንጋው አንዲት ትልቅ ሴት ዝሆን፣ ጆሮዋን ዘርግታ፣ ወደኛ መጣች።

ጠመንጃዬን ደገንኩ። ጣቴ ቃታው ላይ ነው።

«አይተኩሱ! ትንሽ ነው የቀረኝ!» አለች ዶክተር፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ጠመንጃውን ጣልኩና እየጮኽኩ ወደ ጎን ሮጬ በርኖሴን ለዝሆኗ ወረወርኩላት። ላቤ የሚሸተውን በርኖስ በጥርሷ ወጋችው፣ ረገጠችው፣ በኩምቢዋ አንስታ ቀደደችው። እኔ ከኩይሳ ኋላ በደረቴ ተኝቼ «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ።

ዶክተር «ጨረስኩ!» ስትል ሰማሁ። ግልገሏን የሚያነቃውን መርፌ ወጋቻትና ሦስታችንም አፈገፈግን። ግልገሏ እየተንገዳገደች ተነሣች። ትልቋ በርኖሴን ትታ ወደ ግልገሏ ሄደች፣ እግሯን አሸተተቻት፣ ከፊት ከፊቷ እየመራች ይዛት ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ግልገሏን ስምንት ዓመት እዚያው መጠለያ አይቻታለሁ። ቁስሏ ድኖ ትንሽ ታነክስ ነበር። መንጋው ወንዝ ሲወርድ ትልቋ ዞራ ትቆማለች፤ አንካሳዋ ሳትደርስ አትጠጣም።

ጎበዝ ማለት የማይስት ተኳሽ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ብተኩስ አልስትም፤ ግን ያቺን ግልገል ማን ይጠብቃት ነበር? አሁን ራቤል ገበያ ስንሄድ ዳገቱ ላይ ስቆም «አባባ ደከማቸው» ትላላችሁ። አልደከመኝም። ኋላ የቀረ ሰው አይቼ ነው።