ያው ነው የተባለው መበየጃ

ሽማግሌው ዘንድሮም፣ ተፈልቶ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚሆነው የሜፕል ዛፎች ጭማቂ መውረድ በሚጀምርበት ሰሞን፣ ወደ ሙሴ ቲቪዬርዥ የብረታ ብረት መደብር መጣ። የኮቱ እጅጌ በደረቀ ሽሮፕ ጠጥሯል። በብብቱ የያዘው ጥምዝምዝ የመዳብ ቧንቧ ከምድጃው በላይ እንፋሎቱ ውስጥ ተሰቅሎ፣ ቀዝቃዛው ጭማቂ ወደ ማፍያው ገንዳ ሳይገባ የሚያሞቅ ነው።

«አባባ፣ አሁንም ይቺኑ ቧንቧ ሊያሻሽሏት ነው?» አለ ባለመደብሩ። «እንዲህ ከቀጠሉማ ጭማቂው ገና ዛፉ ላይ ሳለ ይፈላልዎታል!»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ።

«እርሳስ የሌለበት የመበየጃ ሽቦ ስጠኝ» አለ ሽማግሌው።

«ኧረ በፈጠረዎት! እርሳስ ኖረው አልኖረው ያው ነው አላልኩዎትም?»

እውነትም ከጥቂት ዓመታት በፊት ብሎታል። ሽማግሌውም ያን ቃል አምኖ ቧንቧውን እርሳስ ባለበት መበየጃ በየደ፤ የሴት ልጁ ልጅ ደግሞ፣ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ፣ ከቧንቧው አፍ ለብ ያለውን ጣፋጭ ጭማቂ በጣሳ እየቀዳች ጠጣች። ሐኪሞች አእምሮ የሚጎዳውን የእርሳስ መርዝ በደሟ ውስጥ አገኙት። ዛሬ የገዛ ስሟን አሟልታ መጥራት ይሳናታል። ይህን ከሳቁት መካከል የማያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በየዓመቱ መገጣጠሚያዎቹን ፍቆ እንደ አዲስ ይበይዳል።

«ንጹሕ መሆኑን ካየች ልጄ ትንሿን ታመጣት ይሆናል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሴት ልጁ ደጁን መርገጥ ካቆመች ቆይታለች።

ሽማግሌው እርሳስ የሌለበትን ገዝቶ ሲወጣ፣ ቀጥሎ የቆመው ጎልማሳ ለጭማቂ ገንዳው መበየጃ ጠየቀ። ባለመደብሩ ያኔ ለሽማግሌው ካወረደበት ከዚያው ከአሮጌው መደርደሪያ አንድ ጥቅል አውርዶ ሰጠው።

«ይኼ እርሳስ አለበት እንዴ?» አለ ጎልማሳው።

«ያው ነው» አለው።