«አቤት» የሚለው ሯጭ

ስሙን አላውቅም። ድሬ ስታዲየም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሯጮች ለመቶ ሜትር ውድድር ሲመረጡ ያየሁት ቀጭን ወጣት ነው። በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ አድርጓል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቁምጣው ውስጥ ከትቶታል፤ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው።

ችግሩ ፊሽካው ነው። ፊሽካ ሲነፋ ሌሎቹ ይፈተለካሉ፤ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆምና «አቤት!» ይላል። የሚሮጠው ከዚያ በኋላ ነው። በሙከራው ሁለቴ እንዲህ አድርጎ ሁለቴም መጨረሻ ወጣ።

«አትመልስ! ዝም ብለህ ሩጥ!» አለችው አሠልጣኟ ዘርፈሽ።

«ሲጠሩኝ ዝም ልበል እንዴ አቦ? ነውር አይደለም? አክስቴ ትቆጣለች።»

ዘርፈሽ ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ እየሮጥክ መልስ» አለችው።

እንዲህም ይቻላል ብሎ ማንም ነግሮት አያውቅም መሰለኝ፣ ፊቱ በራ።

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። «አቤ-ኤ-ኤ-ኤት!» እያለ ተወረወረ። ግማሽ መንገድ ላይ ሁሉንም አልፏቸው ሲሄድ ጩኸቱ ገና አላለቀም ነበር። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ፤ እሱ ግን አንደኛ ሆኖ ገባና ተመረጠ።

ዘርፈሽ አቅፋው አለቀሰች። እሱ የተሸነፈች መሰለው። ግራ ተጋብቶ አያት፣ ከዚያ በመዳፉ እንባዋን ጠረገላት።

«አይዞሽ ዘርፊ» አላት። «ነገ ደግሞ አንቺ ታሸንፊያለሽ።»