ያላየሁት ሳተላይት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከትምህርት ቤት ወስጄ ወደ ሰፈራችን ዊንድሃም ቬል ስንመለስ መንገዱ ተዘጋጋ። የሜልበርን የምዕራቡ መንገድ እንደሁ በሥራ መውጫ ሰዓት መንገድ አይባልም። ቆመን ሳለ ስልኬ ላይ ኢሜይል ገባ፤ ልጄ ከእኔ ቀድማ አነሳችው። በየዓመቱ በወታደራዊ የህዋ ሥራ የላቀ ውጤት ላመጣ ቡድን ለሚሰጠው ሽልማት ዘንድሮ ከዳኞቹ አንዷ እንድሆን ጠይቀውኛል።

«ማም፣ ዲድ ዩ ኤቨር ዊን?» አለችኝ።

አንድ ጊዜ አግኝተናል። ልጄ ስትጠይቀኝ በዓይኔ የመጣብኝ ግን ያገኘንበት ዓመት አልነበረም፤ ያጣንበት ነው።

«ወታደራዊ የህዋ ሥራ» ሲባል ለሰው የሚመስለው ሌላ ነገር ነው። የእናቴ ጓደኞች እስከ ዛሬ ሮኬት የምነዳ ይመስላቸዋል፤ እኔም ማስተባበሉ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ሥራው ስክሪን ፊት ተቀምጦ መዋል ነው። በረሃ ላይ የተተከሉ ካሜራዎች ሰማዩን ያነሳሉ፣ እኛ ሜልበርን ሆነን የትኛው ሳተላይት የት እንዳለ፣ የትኛው ስብርባሪ ብረት ወደየት እንደሚሄድ እንከታተላለን። ሊጋጩ ከሆነ እናስጠነቅቃለን። ትዕግሥት እንጂ ጀግንነት አይጠይቅም።

የአውስትራሊያ አየር ኃይል የገባሁት ፍሌሚንግተን በሚባል የሜልበርን ሰፈር፣ ከነዚያ ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ ከወላጆቼ ጋር ስኖር ነው። አባቴ የደሴ ሰው ነው፤ እዚህ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። በወጣትነቱ ታናሽ ወንድሙን ወታደሮች ከቤት ወስደውት በዚያው ቀርቷል። ከዚህ በላይ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። ልገባ ነው ስለው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሐያት፣ ሐኪም ሁኚ፣ አስተማሪ ሁኚ፣ ከፈለግሽ ሥራ ፈትተሽ ቤት ተቀመጪ። በወታደር ልብስ ግን በዚህ በር እንዳትገቢ» አለኝ።

ግትርነቱን ደግሞ የወረስኩት ከማን ሆነና? ገባሁ። እሱም ቃሉን አላጠፈም። ከሺፍት ስመለስ ሁልጊዜ መኪናዬ ውስጥ ተጣጥፌ ልብሴን ቀይሬ ነበር ወደ ላይ የምወጣው። ክረምት ላይ፣ ያ የሜልበርን ንፋስ በበሩ ስንጥቅ እየገባ፣ እጄን በትንፋሼ እያሞቅኩ «እስከ መቼ?» እል ነበር።

ከዚያ ቡድናችን ለሽልማቱ ታጨ። ሥነ ሥርዓቱ ላይ ቤተሰብ ይጋበዛል። በረመዳን አንድ ቀን አፍጥር ላይ አባቴ ሾርባውን ጠጥቶ ደስ ሲለው አየሁና፣ «አባባ፣ ብናሸንፍ ትመጣለህ?» አልኩት። እናቴ ሳምቡሳ ይዛ ቆማ ቀረች። አባቴ ተምሩን በጣቱ አገላበጠ።

«ካሸነፍሽ እመጣለሁ» አለ።

አታሸንፍም ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ቃሉን ጨምድጄ ያዝኩ። ዋንጫው ምኔም አልነበረም። በዚያ ልብስ አንድ ጊዜ አይቶኝ ፊቱን እንዳያዞር ብቻ ነበር የምፈልገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ከእኔ ቀድሞ ሥራ አይገባም፣ ማንም ከእኔ በኋላ አይወጣም።

የረመዳን መጨረሻ ደረሰ። እነ አባቴ ጨረቃዋን በዓይን ካላየን ኢድ አንልም የሚሉት ወገን ናቸው። በዚያ ምሽት ሰማዩ ድፍን ብሏል። ቤታችን በሰው ተሞልቶ፣ ከየቦታው ስልክ እየተደወለ፣ አየን የሚል ጠፋ። የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ያስጨንቀናል? ይቺ ልጅ የሰማይ ሠራተኛ አይደለችም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እኛ የምናየው ሳተላይት ነው» አልኳቸው።

«ሳተላይት የምታይ ጨረቃን ታጣለች? ይልቅ አየሁ በይና ገላግይን። ሴቶቹ ዶሮ ይሥሩበት።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ግን የምራቸውን ነበር። ልጆቹ አዲሱን ልብሳቸውን ሶፋው ላይ ዘርግተው አፌን ያያሉ። «አየሁ» የምትል አንድ ቃል ነበረች የቀረችኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ደመና ነው፤ አላየሁም» አልኩ። ቤቱ አጉረመረመ። አባቴ ግን ትኩር ብሎ ሲያየኝ አየሁት። በማግስቱ ሁላችንም ጾመን ዋልን። ልጆቹ ኢድን ያዘገየሁት እኔ ነኝ ብለው አኮረፉኝ።

ከኢድ በኋላ ሥራ ስመለስ ቢሮው በሌላ ጉዳይ ታምሶ ጠበቀኝ። ከምድር ጋር ግንኙነቱ የተቋረጠ አንድ ሳተላይት ነበር፤ ብዙ ቡድኖች ይፈልጉታል። የእኛ አለቃ ግሬግ አገኘው። ግሬግ ጎበዝ ባለሙያ ነው፣ ለእኔም ደግ ሰው ነበር። ነገር ግን በደንባችን «ተረጋግጧል» ብሎ ለማስተላለፍ ሁለት ሰው፣ በተለያየ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በራሱ ዓይን ማየት አለበት። ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። የእኔ ተራ ሲደርስ በረሃው ላይ ደመና ወረደና ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

ግሬግ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔ አይቼዋለሁ፤ የትም አይሄድም። የታጩት ቡድኖች የመጨረሻ ማመልከቻ ዛሬ ይዘጋል። ይህ ከገባ አሸነፍን። አንቺም አየሁ በይ» አለኝ።

እውነት ለመናገር እጄ ወደ ኪቦርዱ ሄዷል። የታየኝ አባቴ ነው፤ ከረባት አስሮ ከፊት ወንበር ተቀምጦ። ግሬግ እንደማይሳሳትም አውቃለሁ። ጋሼ ሰይድን እምቢ ብዬ ለግሬግ እሺ የምል ከሆነ ግን እኔ ምንድን ነኝ?

«ነገ ደመናው ሲገፈፍ አየዋለሁ። ዛሬ አላየሁም» አልኩት።

«የአምስት ሰው ልፋት ነው የምታፈርሺው።»

«አውቃለሁ። አላየሁም።»

ተነስቶ ሄደ። ለሳምንታት ከሥራ በቀር አላናገረኝም። እሱስ ምን ያድርግ! በዚያው ቀን ማመልከቻው ሳይዘጋ፣ ሰማይ የጠራለት የሌላ ከተማ ቡድን ሳተላይቱን ልክ ግሬግ ባለበት ቦታ አገኘው፤ ሁለት ሰው አየው፣ አረጋገጡ። ግሬግ ልክ ነበር። እልሁ አንገበገበኝ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። «እንግዲህ አትደክምም፤ አናሸንፍም» አልኩት፤ ምክንያቱንም አንድ ሳላስቀር አወራሁለት። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ። «እሺ» ብሎ ለመስገድ ተነሳ። ይኸው ነው? ብዬ በጣም ከፋኝ።

ሥነ ሥርዓቱ የፈረስ እሽቅድምድም ወቅት ላይ ዋለ። የዚያን ሰሞን ቤታችን አጠገብ ያለው ጎዳና፣ ሬስኮርስ ሮድ፣ ሌላ አገር ይመስላል፤ ባለ ላባ ባርኔጣ ሴቶች፣ አበባ የሰኩ ወንዶች ትራሙን ይሞሉታል። አዳራሹ መሀል ከተማ ነው። ብቻዬን ሄድኩ። ስማችን ከታጩት መሀል ተጠራ፣ ሳተላይቱን ያረጋገጠው ያኛው ቡድን አሸነፈ፣ አጨበጨብን። ግሬግም አጨበጨበ። አየር ልውሰድ ብዬ ስወጣ፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል። ለእኅቴ ሠርግ የገዛውን ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ አባቴ ነው።

«ትራሙ ውስጥ አንዱ ሰካራም የትኛው ፈረስ ነው ገንዘብህን የበላው ይለኛል» አለ።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ የምደበቅበት የለም። «አባባ፣ አላሸነፍንም እኮ» አልኩት።

«ነግረሽኛል።» ትከሻዬ ላይ ያለውን ምልክት በጣቱ ነካ አደረገው። «ወንድሜን የወሰዱት አንድ ወታደር አየሁ ስላለ ነው። ጠመንጃ ሲቀብር አይቼዋለሁ አለ። አላየም። አለቃው በል ስላለው ነው ያለው። አለቃውን እምቢ ብሎ አላየሁም የሚል ወታደር እኔ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። እሱን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ይዤው ገባሁ። ለግሬግ አስተዋወቅሁት፤ ግሬግ ወንበሩን ለቀቀለት። በዚያ ምሽት ሥጋው ሐላል ስላልሆነ ከዓሣው በቀር የተጋበዝነውን ባይበላም ኬኩን ሁለቴ አስጨመረ። ወደ ቤት ስንመለስ ልብሴን ሳልቀይር በዚያ በር ገባሁ፤ የከፈተልኝም እሱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ስናሸንፍ አልመጣም፤ ጉልበቱን አሞት ነበር። አልከፋኝም። ዋንጫው ከቤት ቤት ስንለዋወጥ የት እንደገባ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለኢሜይሉ እሺ ብዬ መልሻለሁ። የሚመጡልኝ ማመልከቻዎች ምን እንደሚመስሉ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ሁሉም አግኝተናል፣ አረጋግጠናል የሚሉ ናቸው። እኔ ግን ማሸነፍ እየቻለ «አላየሁም» ያለ ሰው ካለ ፈልጌ አወጣዋለሁ፤ ሌሎቹ ዳኞች ቢናደዱም እከራከርለታለሁ። እሱም ልግባ አልግባ እያለ በር ላይ የቆመ አባት ይኖረው ይሆናል።