ከናሙናው በፊት መቅመስ

ያን ጠዋት ጠጅ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ኃላፊያችን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ ሾፌራችን፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ እና እኔ ነን። ቤቱ ከሲኤምሲ ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ጀርባ ነው።

የአልኮል መጠጦች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤታችን ገና መቋቋሙ ነበር። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በተከራየነው ፎቅ ላይ ወንበር እንኳ ለሁላችን አልደረሰም። እኔ የተቀጠርኩት ለጽሕፈት ነው፤ መመሪያ ማርቀቅን ግን ብቻዬን እያነበብኩ ተማርኩ። ያን ቀን ረቂቁን በተግባር ልንሞክር ወጣን። ጠጁ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ቤት ፈቃድ ያገኛል፤ ባለቤቱ ናሙናውን ከነካ ግን ቤቱ ይታሸጋል። እትዬ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ቤት ገቢ ነው።

ባለሙያዋ ከበርሜሉ ቀድታ ጠርሙሷን ሞላችና ክዳኑን ከቦርሳዋ ልታወጣ ዞር አለች። እትዬ ጠርሙሱን አነሡ፤ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

«እትዬ፣ ነኩትኮ» አለች ባለሙያዋ።

«ታዲያ ሳልቀምስ ለእንግዳ ልስጥ? መርዝ ይኖረው ይሆን ብለሽ እንድትጠረጥሪኝ?»

«መመሪያው ቤቱ ይታሸግ ነው የሚለው።»

«ለእኔስ ሳይቀመስም ይሁን» አለ ሾፌራችን ከበሩ።

«አንተ መሪህን ያዝ» አሉት እትዬ።

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። ማሸጊያው በእኔ እጅ ነበር።

«መቅመሱ ከናሙናው በፊት ቢሆንስ?» አልኩ። «መጀመሪያ እሳቸው በብርሌ ቀድተው ይቅመሱ። ከዚያ ባለሙያዋ ራሷ ከዚያው በርሜል ትቅዳ፤ እስኪታሸግ ማንም አይንካው።»

ባለሙያዋ ወደ በርሜሉ ዞረች። «ከአንድ በርሜል ከሆነ ለእኔ ችግር የለውም» አለች። ኃላፊያችንም «እንዲህ ተብሎ ይጻፍ» አሉ። እትዬ እንደገና ቀመሱ፤ ባለሙያዋ ሌላ ንጹሕ ጠርሙስ አወጣች።

ጠጁ በላቦራቶሪ ሲመረመር ስኳር ያልገባበት የማር ጠጅ ሆኖ ተገኘ። መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያውን ፈቃድ የሰጠው ለእትዬ ነው። አንቀጹም ጸድቋል፤ ዛሬ ተቆጣጣሪዎቻችን የትኛውም ጠጅ ቤት ሲገቡ ባለቤቱ እስኪቀምስ ቆመው ይጠብቃሉ። ያን ሳይ ደስታዬን ለመደበቅ አልሞክርም።

ፈቃዱን ልንሰጣቸው የተመለስን ዕለት ግን እኔ መኪናው ውስጥ ማሸጊያውን እየጠቀለልኩ ስለነበር እትዬ ያሉትን አልሰማሁም። እዚያ የነበራችሁ፣ ያሉትን ቃል በቃል የምታስታውሱ ከሆነ ጨምሩልኝ፤ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ።