ጎን የሌለው ፉርጎ

ከትምህርት ቤት ደብተር ሌላ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ሰው ፊት መናገር ስለማልደፍር ነው ብዕር ያነሳሁት። ትናንት ከዳባት ለገበያ ደባርቅ ወጥቼ ዝናብ ያዘኝና ሱቅ በተደረገ አሮጌ ኮንቴነር ጥግ ተጠለልኩ። የረጠበው ብረት ሽታ አጎቴን መላኩን አመጣብኝ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ነው። ሞጆ፣ ኮንቴነር በባቡር ላይ ከሚጭኑት ሠራተኞች አንዱ ነበር፤ ለጥምቀት ሲመጣ ባቡር አይተን የማናውቅ ልጆች እንከበዋለን። አንድ ጊዜ የቤታችንን አግዳሚ ወንበር ደጅ አወጣና የእናቴን የልብስ ሣጥን ጫነበት፣ እኔን ደግሞ ከሣጥኑ ላይ አስቀምጦ የባቡሩ ፉርጎ ይህን ይመስላል አለን፤ ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ ምንጣፉን እንደገፈፉት አልጋ ራቁቱን የሚሄድ፣ ኮንቴነሩን በአራቱ ማዕዘን ቀዳዳዎች በገባ ብረት ብቻ ቆልፎ የሚይዝ። እናቴ አላመነችም። ያለ ገመድ እንዴት ይሆናል፣ የደባርቅን ነፋስ ረሳኸው እንዴ ብላ ሳቀችበት። እሱም፣ «እታለም፣ አንቺን ያልወሰደ ነፋስ ኮንቴነር ይወስዳል?» አላት።

ስምንተኛን ካለፍሽ ሞጆ ወስጄ አስተምርሻለሁ ያለኝም ያን ቀን ነው፤ በእናቴ ፊት፣ በመስቀል ምሎ። አለፍኩ። መስከረም መጥቶ ሄደ፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል እያልኩ ልብሴን በነጠላ ቋጥሬ ጠበቅሁት።

በጥር መጣ። ከሁለት ሽማግሎች ጋር በራችን ላይ ቆመ፤ አባቴ ተቀመጡ ቢላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ደስ አለኝ፤ አባቴ እንዳይከለክለኝ ብሎ ለትምህርቴ ሽማግሌ ይዞ የመጣ መሰለኝ። ቋጠሮዬን ታቅፌ ልወጣ ስል ትልቁ ሽማግሌ፣ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» ሲሉ ሰማሁ። ልጃችን ያሉት ዳባት ወፍጮ ያለውን የአጎቴን ጓደኛ ነው።

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እስከ ዛሬ ባቡር አላየሁም፤ ዘጠነኛ ክፍል ምን እንደሚማሩም አላውቅም። ሰው ቃል ሲገባልኝ እሺ እላለሁ እንጂ አልጠብቅም።

ሽማግሌ ይዞ የመጣ ዕለት አጎቴን ጓሮ ተከትዬው ምን አድርጌህ ነው ብዬ እያለቀስኩ ጠየቅሁት። ዞር ብሎ ወደ ቤቱ አየ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር፦ «ቀስ በዪ፤ ሽማግሎቹ ይሰሙሻል» አለኝ።